ሦስተኛው ሽቦ

ሰይድዬ፣

ሰላም ላንተ ይሁን ብዬ ልጀምር፤ ቁጣው ይደርሳል። ከተለየኸኝ ዛሬ አራት ወር ከአሥር ቀን ሞላ። ባል የሞተባት ቤት የምትቀመጥበትን ኢዳዬን ጨርሼ ዛሬ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት ወጣሁ። ይህን ሁሉ ቀን ቤት ተቀምጬ የለቀስተኛውን ማጽናኛ ስሰማ ከረምኩ። ልቡ ቀጥ አለ ይሉኛል። ቀኑ ደርሶ ነው ይሉኛል፣ አላህ የጻፈው ነው ይሉኛል። እኔም አሜን እላለሁ፤ አሜን ብዬ ግን ጥርሴን እነክሳለሁ። አላህ የጻፈውን አልክድም። ፒንሳውን ያነሳኸው ግን አንተ ነህ።

የቤቱን ልንገርህ። የልጃችን የሰሚራ ሁለቱ የፊት ጥርሶች ወልቀዋል፤ የራሷን ስም እንኳ ስትናገር ታፏጫለች። የባሕሩ ነፋስ የጣሪያውን ቆርቆሮ በአንድ ጥጉ ገንጥሎት ነበር፣ የጎረቤታችን የሐዋ ባል መታልኝ። ሐዋም ከበይሉል መንደር ዓሣ በመጣላት ቁጥር የኛን ድርሻ ሳታመጣ ቀርታ አታውቅም። ቤዝ ጊታርህን በአንሶላ ጠቅልዬ ቁምሣጥኑ ላይ አስቀምጨዋለሁ። አንገቱ ጎብጧል። ወበቁ እንጨቱን ሲያጎብጠው አንተ በዚያች ትንሽ ቁልፍ በአንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት ጥቂት ጥቂት እያጠበቅህ ታቃናው ነበር። አሁን ማን ያቅናው? እኔ እንዳልነካው እሰብረዋለሁ ብዬ እፈራለሁ።

ክሮቹማ ዝገው አለቁ። አንተ ሳለህም ይዝጉ ነበር፤ የአሰብ አየር ጨው ነው። የምስር ወጥ ድስቴን አንስተህ የቤዝ ክር ስትቀቅልበት አንድ ቀን እንኳ ፈቃድ ጠይቀኸኝ አታውቅም። በኮምጣጤ አፍልተህ፣ ፀሐይ ላይ አድርቀህ፣ ላምባ በነካ ጨርቅ ወልውለህ መልሰህ ትወጥራቸውና ድምፃቸው እንደ አዲስ ሆነ ብለህ ትፈነድቃለህ። እኔና ሰሚራ ደግሞ ብረት ብረት የሚል ወጥ እንበላለን። የከባድ መኪና ሾፌሮች ከአዲስ አበባ አዲስ ክር ሲያመጡልህም አሮጌውን መጣል አይሆንልህም። አሁንም ከበሩ ኋላ ሚስማሩ ላይ እንደ ሐረግ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል። ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል፣ ግን አልጣልኩትም።

ሰይድዬ፣ ሥራህን የማታውቅ ሰው ብትሆን ኖሮ ይህን ያህል አልበግንም ነበር። ወደቡ ላይ የክሬን ኤሌክትሪክ የምትጠግን ሰው ነበርክ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣልህ ከሁሉ አስቀድመህ የምታሳየው ሦስተኛውን ሽቦ ነበር። እኔንም አስተምረኸኛል። ካውያው ሲነዝረኝ ስፒናውን ፈታህና ሁለቱ ሽቦዎች ኮረንቲ ያመላልሳሉ፣ ይኼ ሦስተኛው ማሳ ይባላል፣ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ዕቃው ሲበላሽ ኮረንቲው በሰው ፈንታ በሱ በኩል ይሄዳል አልከኝ። እሱን የሚቆርጥ ሰው እንደ ነፍሰ ገዳይ መታሰር አለበት ብለህ ወላሂ አልክ። ወላሂ ያልከው አንተ ነህ፤ ሌላ ሰው አይደለም።

ከዚያ ከባንዱ ጋር የምትጫወትበት የወደቡ ክበብ አዲስ ማይክራፎንና ድምፅ ማጉያ አስመጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንተ አምፕሊፋየር እዝዝዝ ማለት ያዘ። ያልፈታኸው፣ ያልፈተሽከው ነገር የለም። ቤዙን ገልብጠህ ሆዱን በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ለበጥከው፤ ለሱ ስትል የሰፈሩን አጫሽ ሁሉ ወረቀት አስለምነኸኛል። ገመዱን ቀየርክ፣ የድምፅ መጠምዘዣዎቹን በአልኮል አጠብክ። ቀነስ ይላል እንጂ አይጠፋም። ችግሩ ከቤዙ እንዳልሆነ ደርሰህበት ነበር። አምፕሊፋየሩና ማይክራፎኑ በተለያየ ሶኬት፣ በተለያየ መንገድ ወደ መሬት ስለሚወርዱ ነው፣ ሁለቱንም የሚይዝ አንድ መስመር እዘረጋለሁ፣ ሁለት ሳምንት ስጡኝ ብለህ ለመንካቸው።

ማን ሁለት ሳምንት ይስጥህ! መድረክ መሪው ማይክራፎኑን ይዞ ሰይድ ዛሬ የንብ ቀፎ ይዞልን መጥቷል ብሎ አዳራሹን አሳቀብህ። ያ ሁሉ ወደበኛ፣ ያ ሁሉ የቢሮ ሰው ከነሚስቱ ሳቀ። አንተም አብረህ ሳቅህ አሉኝ። ቤት ስትገባ ግን እራትህን ሳትነካ ተኛህ። በሚቀጥለው ዓርብ ከጁምዓ መልስ አምፕሊፋየሩን በጋሪ አስጭነህ ቤት አመጣኸው። ስፒናውን ፈተህ ሦስተኛውን ሽቦ በፒንሳ ቆረጥከው፤ ወደ ኋላ አጠፍከውና በጥቁር ናስትሮ ጠቀለልከው። ለነገው ዝግጅት ብቻ ነው አልከኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጸጥ ያለ ቤዝ ሰማ። ማንም አልሳቀብህም። ሁለተኛው ዘፈን ላይ በላብ የራሰው አንዱ እጅህ ክሩን እንደያዘ፣ ዘፋኙን ልትቀበል ማይክራፎኑን በሌላው እጅህ ጨበጥክ። የአምፕሊፋየሩን ሆድ ለካ ጨው በልቶት ኖሯል። የሚያፈስሰው ኮረንቲ የሚወርድበት መንገድ አጣና ባንተ በኩል ወረደ። ለሳቅ ብለህ ነው የሞትከው፣ ሰይድ። ለአንድ ቀን ሳቅ!

ባለፈው ሳምንት ሐዋ አንድ ወሬ ይዛልኝ መጣች። የጉምሩኩ ጸሐፊ ሐጎስ ባንተ ቦታ ገብቶ ቤዝ እየተጫወተ ነው አለችኝ። በምን አምፕሊፋየር ብላት በዚያው አለችኝ። ያን መሣሪያ አትንኩ በሉልኝ ብዬ መልሼ ላክኋት። ለምን እንደሆነ ግን አላስነገርኩም። ሽቦውን የቆረጠው ራሱ ነው ብዬ ስምህን ወደቡ ሁሉ አፍ ውስጥ ላስገባ? አልቻልኩም። እነሱም ያዘነች ሴት ናት፣ ብትል አይፈረድባትም ብለው ልምምዳቸውን ቀጠሉ። ኢዳዬ እስኪያልቅ በየቀኑ የሐጎስን ሚስት ለቅሶ የምሰማ እየመሰለኝ ጆሮዬን አቁሜ ከረምኩ።

ስለዚህ ዛሬ መጀመሪያ የሄድኩት መቃብርህ ዘንድ አይደለም። ካቻቢቴህን በሻርፔ ጫፍ ቋጥሬ፣ ሐዋን አስከትዬ ወደ ክበቡ ሄድኩ። ሐጎስ የራሱን ቤዝ አንግቶ ይለማመድ ነበር። የባንዱ አለቃ ጋሽ ታደሰ ሲያየኝ አለቀሰ። ስፒናውን የጠገነው ሰው አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ሰይድ የሠራውን ማንም አልነካም፣ እሱ እንዳሰረው እንዳለ ነው፣ ለክብሩ ብለን ናስትሮውን እንኳ አልፈታንም አለኝ። እየኮራ ነው የነገረኝ። አራት ወር ሙሉ ሞትህን አክብረው ሰክተውት ይጫወቱ ነበር። ሐጎስን ያተረፈው ማይክራፎን አለመጨበጡ ብቻ ነው።

ጮህኩባቸው። ጋሽ ታደሰ ላይ በሕይወቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፣ ዛሬ ግን ጮህኩ። ስፒናውን ነቅዬ ፈታሁት። ናስትሮው በሙቀት ቀልጦ ጣቴ ላይ ተጣበቀ። የታጠፈውን ሽቦ አውጥቼ ይኸው ገዳዩ አልኳቸው፤ የቆረጠውም ሰይድ ራሱ ነው፣ እናንተ ስለሳቃችሁበት አልኳቸው። ሐጎስ ቤዙን ከትከሻው አውርዶ መዳፎቹን እያየ ቀረ። ጋሽ ታደሰ ተቀመጠ። እኔ ያስተማርከኝን አልረሳሁም፤ ሽቦውን በጥርሴ ልጬ፣ ጠምዝዤ፣ ቦታው መልሼ ብሎኑን አጠበቅኩ። ሲሰኩት እዝዝዝ አለ። ያ መስመር እስኪዘረጋ እንዲሁ ይጩህ፣ ጆሮው የማይችል ቤቱ ይቀመጥ ብያቸው ወጣሁ። የአምፕሊፋየሩንም ሆድ የወደቡ ኤሌክትሪሺያን ሳያየው ክር የሚነካ እንዳይኖር አስምያቸዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ለነሱ አልነገርኳቸውም። ያን ዓርብ ገመዱ እየተንሸራተተ ሲያስቸግርህ በሁለት እጄ ወጥሬ የያዝኩልህ እኔ ነኝ። የቱ ሽቦ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አስተምረኸኛላ። አፌን ከፍቼ ተው ልልህ ነበር። ዳግመኛ እንዲስቁብህ ስላልፈለግሁ ዝም አልኩ። አንተም ቀና ብለህ አየኸኝና ቆረጥከው።

ሰሚራ አድጋ አባቴ በምን ሞተ ስትለኝ ቀኑ ደርሶ ብዬ አላልፋትም። የእጁን ብልሃት እነግራታለሁ፣ የድስቱን ነገር አነሳላትና እንስቃለን፣ ከዚያ ሽቦውን እነግራታለሁ፤ የኔንም እጅ አልደብቃትም። ዱዓዬ ከሶላቴ አይጓደልብህም። ቁጣዬም እንደዚያው። እረሳለሁ ብለህ አትስጋ፣ ሰይድዬ፤ ገመዱን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ብፈልግም አልችልም።

ዘሃራ
አሰብ