የአጥቂው ሙሾ

ማክሰኞ

ይበልጣል ሊናገር ነው። በአባባ አርባ ላይ! ማይክ ይዞ! የነገረችኝ ዛሬ ፋርማሲው ለሳል ሽሮፕ የመጣች ሴትዮ ናት። «የክለቡ ሰብሳቢ ንግግር ያደርጋል አሉ፤ እግዜር ይስጠው፣ አሳዳጊውን አልረሳም» አለችኝ። ሽሮፑን የሌላ ሰው ከረጢት ውስጥ ከተትኩት።

አሳዳጊውን አልረሳም!

እዚህ ማንም ስለማያነበው እንደ ልቤ ልጻፍ። አባባ፣ አያቴ አያናው፣ የፍኖተ ሰላምን ቡድን ማሰልጠን የጀመረው እኔ ሳልወለድ ነው። ይበልጣል በጅጋ መንገድ ዳር የጨርቅ ኳስ ሲጠልዝ አይቶ አጥቂ ያደረገው አባባ ነው። ቤታችን በልቷል፣ ቤታችን አድሯል፣ ሲታመም አባባ በጀርባው አዝሎ ጤና ጣቢያ ወስዶታል። ከዚያ ይበልጣል ሰው ሆነ፣ ወንበር ያዘ። አምና «ፈቃድ የለዎትም፣ ዘመኑም ተቀይሯል» ብሎ አባባን ከአሰልጣኝነት አወረደው። እሱ እንኳ ይሁን፣ ሰው ያረጃል። በሳምንቱ ግን አባባ እንደ ማንኛውም ተመልካች ጨዋታ ሊያይ ሲሄድ የበሩ ጥበቃ መሬት መሬት እያየ «ጋሸ፣ እርስዎን እንዳላስገባ ታዝዣለሁ» አለው። ተጫዋቾቹ አባባን ሲያዩ አዲሱን አሰልጣኝ አይሰሙም ተብሎ ነው።

አብሬው ነበርኩ። አባባ ጥበቃውን አልተቆጣውም። «ትእዛዝ ከሆነማ ጥሩ» አለና ዞረ። መንገዱን ሙሉ ስለ ዝናብ ሲያወራኝ መጣ። ከዚያ ቀን በኋላ በሜዳው በኩል አላለፈም፤ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ እንኳ በላይ በኩል ይዞር ነበር።

ሐኪሙ ደም ግፊት ነው ይላል። እኔ ይበልጣል ነው እላለሁ።

ረቡዕ

ቡሬ እማየ ጋ ደወልኩ። ነገርኳት። «ለእግዜር ስጭው» አለችኝ። እግዜር ሥራ ይበዛበታል አልኳት። ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርኩ ይሁን እሷ ትሁን አላወቅኩም።

ምን ላድርገው?

አንደኛ፣ ከዳሱ በር መመለስ። እንዳደረገው ማድረግ ነበር። ግን ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው አይመለስም፤ ብመልሰው የምሰደበው እኔ ነኝ። እማየም በቁሟ ትሞታለች።

ንግግሩ መሀል ማይኩን መንቀል። የልጅ ሥራ ነው። መብራት ሄደ ብሎ ይቀጥላል።

ተነስቶ መስደብ። ስናደድ አለቅሳለሁ። ሳለቅስ ደግሞ ሰው ያዝንልኛል እንጂ አይሰማኝም።

ሙሾ።

ይሄኛው ይሻላል። አባባ ሲቀበር መንገድ ተዘግቶ ነበር። ከቡሬ፣ ከመራዊ፣ ከአዴት የድሮ ልጆቹ አልደረሱም። ስለዚህ በአርባው ዳስ ተጥሎ እንደ አዲስ ይለቀሳል፤ እትየ የሺ ታወርዳለች። እትየ የሺ የታወቀች አልቃሽ ናት። አልቃሽን ደግሞ ዝም በይ የሚል ወንድ በዚህ አገር አልተፈጠረም። ፊት ለፊት የማይነገር ነገር በሙሾ ይነገራል፤ የተነካው ሰው ተቀምጦ ይሰማል።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሰው ፊት አንገቱን ሲደፋ ማየት።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ስገጥም ዋልኩ። መድኃኒት እየሸጥኩ። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎቼ ስድብ ናቸው፣ ስንኝ አይደሉም። አንዱ ላይ ስሙን አስገብቼ ነበር፤ ይበልጣል ከማን እንደሚበልጥ ጠይቄ። ያስቃል፣ ግን አያቆስልም። ቀደድኩት።

እየገጠምኩ አባባ ይመጣብኛል። እናቴ ቡሬ ሥራ አግኝታ ስትሄድ እኔን ያሳደገኝ እሱ ነው። ጠዋት ጸጉሬን በጫማ ማሰሪያ ያስርልኝ ነበር፤ ነጭ ካጣ በቢጫ። ልምምድ ላይ ከጎሉ ጀርባ ጋቢው ላይ ያስቀምጠኛል። እንቅልፍ ሲወስደኝ ፊሽካ አይነፋም፤ ያኔ ያ ሁሉ ጎረምሳ በእጅ ምልክት ነበር የሚሰለጥነው። አንቱ ስለው ደግሞ ይቆጣኝ ነበር። «ሜዳ ላይ አንቱ የለም፤ ‹ያቀብሉኝ› እስክትይ ኳሱ ያልፋል!» ይለኛል። ጎረቤቶቻችን አያቷን አንተ የምትል ስድ ይሉኝ ነበር።

«አጥቂ» የሚለው ቃል የመጣልኝ የጨጓራ መድኃኒት ስቆጥር ነው። ቆሜ ቀረሁ። አጥቂ! ጎል የሚያገባውም አጥቂ ነው፤ ሰው የሚበድለውም አጥቂ ነው። ደግሞ ሜዳ! ሜዳ ላይ መዋልም አለ፣ ሜዳ ላይ መቅረትም አለ።

ሥራ ስጨርስ እትየ የሺ ቤት ሄድኩ። ጌሾ ትወቅጥ ነበር። የመጀመሪያውን ስንኝ ስነግራት ዘነዘናዋን አቆመች። ሁለተኛውን ስነግራት ፊቷን ቋጠረች።

«ጅራቱ ልፍስፍስ ነው፤ ለጋሸ አያናው የሚሆን አይደለም» አለች። ትንሽ አጉረመረመችና አስተካከለችው። እንዲህ ሆነ፦

ዕድሜህን በሙሉ አጥቂ ስታሳድግ፣
ሜዳ ላይ ቀረህ ወይ ያለ ወግ ማዕረግ።

ሰሙ ኳስ ነው፦ ጎል አግቢ ስታሳድግ፣ ከሜዳ ሳትወጣ፣ ሳትሸለም ኖርክ። ወርቁ ይበልጣል ነው፦ የሚያጠቃህን ስታሳድግ ኖረህ መና ቀረህ።

«ይኸማ ይቆርጣል» አለች እትየ የሺ። «እርግጠኛ ነሽ፣ ልጀ? ስንኝ ከአፍ ከወጣ አይመለስም።»

እርግጠኛ ነኝ አልኳት። በጣም እርግጠኛ ነኝ። ወደ ቤት ስመለስ ብቻዬን እየሳቅኩ ነበር።

ቅዳሜ

እማየ ከቡሬ መጣች። መንገዱ ክፍት ነው። ጠላው ደርሷል፣ ዳቦው ነገ ጠዋት ይመጣል፣ ወንበር ከእድሩ መጥቷል። ሁሉም አለ።

አንድ ፍርሃት ብቻ አለኝ፦ ባይመጣስ? የሰው መምጣት እንዲህ ጓጉቼ አላውቅም። እማየ «ምን ሆነሽ ነው በር በሩን የምታይ?» አለችኝ። እንግዳ ነው አልኳት።

እሑድ

መጣ። ጥቁር ኮት፣ ጥቁር መነጽር። ተናገረ። «እኔ የጋሸ አያናው ልጅ ነኝ» አለ። «ያለኝን ሁሉ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው» አለ። ሰው ከንፈሩን መጠጠ። ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ።

ከዚያ እትየ የሺ ተነሳች። ስለ አባባ መልክ፣ ስለ ደግነቱ አወረደች። ከዚያ ወደ ይበልጣል ዞር አለችና ያችን ስንኝ አለቻት።

ከአዴት የመጣው የአባባ የድሮ በረኛ በጋቢው አፉን ሸፈነ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «እሰይ» ሲሉ ሰማሁ። ሁሉም ይበልጣልን አየ።

ይበልጣል ግን አለቀሰ! መነጽሩን አውልቆ፣ እንደ ሕፃን። አንገቱን አልደፋም። ተነስቶ «እትየ፣ በእግዜር ይድገሙልኝ» አላት። ደገመች። አሁንም ይድገሙልኝ አለ። ስልኩን አውጥቶ ጻፈው!

አልገባውም! ይሄ ድንጋይ! ሰሙን ልሶ ወርቁን ጣለው። እጄን መንከስ አማረኝ።

ረቡዕ

ሁለት ቀን መጻፍ አቅቶኝ ነበር፣ በንዴት። ዛሬ ግን ልጻፍ።

ይበልጣል ስንኟን በባነር አሳትሞ ሜዳው በር ላይ ሰቅሏታል። በትልቁ፣ ከአባባ ፎቶ ጋር። ከሥሩ የራሱ ስም ከነማዕረጉ! በገዛ እጁ!

ከተማው በሳቅ ሞተ። የባጃጅ ሹፌሮች ባነሩ ጋ ሲደርሱ ጥሩምባ ይነፋሉ። የባንኩ ዘበኛ ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ ሰሙንና ወርቁን ይተነትናል። ከደንበጫ የመጣ ነጋዴ ፎቶ አንስቶ ሄደ። ለይበልጣል የሚነግረው ግን የለም፤ ለአለቃ እንዲህ ያለ ነገር ማን ደፍሮ ይነግራል? እኔ በአንድ ዳስ እንዲዋረድ ነበር የፈለግኩት፤ እሱ አገር ምድሩን ጨመረልኝ። ምሳዬን በሁለት ሰው ድርሻ በላሁ።

ለእማየ ስነግራት አልሳቀችም።

ሐሙስ

አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር መጥታ ስታየኝ «እማ፣ ሜዳ ላይ የቀሩት ሰውየ ልጅ እኮ ናት» አለች። እናቷ አፏን ያዘቻት። ግን ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም።

ሜዳ ላይ የቀሩት ሰውየ!

ከሥራ ስወጣ በባነሩ በኩል ሄድኩ። ተማሪዎች በዱላ የሚሄዱ አንድ ሽማግሌን ተከትለው «ሜዳ ላይ ቀረህ ወይ!» እያሉ ይጮኻሉ። ባነሩ ላይ አባባ ፈገግ ብሏል። ፎቶው የሱ ነው፤ «ቀረህ ወይ» የተባለውም እሱ ነው። ሰው አጥቂው ማን እንደሆነ አውቆ አንድ ቀን ይስቃል፤ የሚቀረው ቅጽል ግን የአባባ ነው።

እማየ «ትናንት ያልሳቅሁት ለዚህ ነው» አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ

ቢሮው ሄድኩ። አንተ አልኩት፤ ቤታችን ሲበላም አንተ ነበር የምለው።

«ባነሩን አውርደው።»

«ለምን? አያምርም?»

«ግጥሙ የእኔ ነው። እንዳሰብኸው አይደለም። አጥቂ የሚለው…»

«እኔ ነኝ» አለ። «ገና ከእትየ የሺ አፍ ሲወጣ ነው የገባኝ። ምነው ባንችአምላክ፣ የጎጃም ልጅ አይደለሁም እንዴ?»

ታዲያ ለምን አስደገምከው፣ ለምን ሰቀልከው አልኩት።

«ሰው ይሳቅብኝ ብየ። ይገባኛል። ጋሸን ይቅርታ እንዳልጠይቃቸው የሉም።»

መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘኔታ አይደለም፤ ቅጥል ነው ያልኩት። በቀሌን እንኳ ወሰደብኝ! እኔ ልወጋው የሳልኩትን ጦር አንገቱ ላይ እንደ ማተብ አሰረው። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ገባኝ።

«ጎበዝ ነህ» አልኩት። «የሚስቀው ሕዝብ ግን ምን እንዳደረግህ አያውቅም። አሰልጣኝ አወረደ ነው የሚል። ከበር እንዳስመለስኸው የምናውቅ አንተ፣ ጥበቃውና እኔ ነን። በሰም ተጠቅልለህ አትጸጸት። በአማርኛ ተናገር። እሑድ፣ ከጨዋታው በፊት፣ በማይክ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ለመሳቅ የተዘጋጀ ሰው ለዚህ አልተዘጋጀም ነበር። «ይህን አትዘዥኝ፣ እህቴ» አለ። አንገቱን ደፋ።

እነሆ አንገቱን ደፋ። ስንት ቀን የለመንኩት። ግን በተዘጋ ቢሮ ውስጥ፣ እኔ ብቻ እያየሁት። አልበቃኝም። «እህትህ አይደለሁም» ብዬው ወጣሁ።

እሑድ

ከቡሬ ቡድን ጋር ጨዋታ ነበር። እማየ ጓዳውን ሳላስተካክል አልወጣም ብላ ቀረች። እኔ ሄድኩ። ባነሩ የለም፤ ቦታው ላይ ገመዱ ብቻ ተንጠልጥሏል። የወረደው ዝም ብሎ ለማለፍ ነው ብዬ ደሜ ፈላ።

ተጫዋቾቹ ሲሰለፉ ማይኩን ያዘ።

«ወገኖቼ፣ ባነሩን የሰቀልሁትም ያወረድሁትም እኔ ነኝ። አጥቂ የተባልሁትም እኔ ነኝ። ከአሰልጣኝነት ካወረድኋቸው በኋላ ጋሸ አያናው ጨዋታ ሊያዩ ሲመጡ ከዚህ በር አስመልሻቸዋለሁ። ጥበቃው አይደለም፤ እኔ ነኝ ያዘዝሁት። እሳቸው ሜዳ ላይ አልቀሩም። ሜዳው ነው ያለ እሳቸው የቀረ።»

ማንም አላጨበጨበም። ማንም አልሳቀም። ከቡሬ ደጋፊዎች አንዱ ነውረኛ አለው፤ ዝም በል ያለው የለም። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ግራና ቀኝ ያሉት ሰዎች ቀስ ብለው ፈቀቅ አሉ። አየሁት። አልዋሽም፣ ጣፈጠኝ። ስኳር እንደላሰ ሰው ጣፈጠኝ። ይቅር አላልኩትም፤ የምለውም አይመስለኝም።

ጨዋታው እስኪጀመር አልጠበቅኩም። ሮጥኩ። በእህል መጋዘኖቹ ጀርባ አቋርጬ፣ ነጠላዬ እየወደቀ። የግቢውን በር በእግሬ ገፋሁትና ገና ደጃፉ ላይ ሆኜ «አባባ! ተናገረ! በማይክ ተናገረ!» ብዬ ጮህኩ።

እማየ እጇን እያደራረቀች ከጓዳ ወጣች። አየችኝ። ከጀርባዋ የአባባ ክፍል ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ፍራሹ ተነስቷል፣ አልጋው ባዶውን ነው።

ሲሞት አላለቀስኩም ነበር። ሲቀበርም፣ በአርባውም። ያን ሁሉ ቀን ይበልጣልን ሳይ፣ ይበልጣልን ስጠብቅ ቆየሁ። አሁን እማየ ራት ብይ ትለኛለች፤ አልችልም፣ ወረቀቱም ረጠበብኝ። የምሥራቹን የምነግረው ሰው የለኝም። አባባ እኮ ሞቷል።