ወደ ቂብላ የዞረው ሬዲዮ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአያ ከሪም፤ ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሃል? ያ የወገብህ ሕመም ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ይይዝሃል? እንቅልፍህስ፣ ምግብህስ? ይህ ሰላምታ ከጎንደር ከአዲስ ዓለም ተነስቶ ባሕሩን ተሻግሮ በደህና ያግኝህ። እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነን። እማማ ደህና ናት፤ ታናሻችን ሰልማም ለአሥረኛ ክፍል ፈተና እያጠናች ነው። የአባባ ዓይን ግን ሞራው ጨምሯል። አሁን ሰው የሚለዩት በድምፅ ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ ጻፊልኝ ያሉኝ አባባ ናቸው። መልእክታቸው አጭር ነው፤ ከሪም ለዚያ ሬዲዮ ዳግመኛ እንዳይከፍል፣ ቁርኣኑ ለእኔ አልተፈቀደልኝም በይው አሉኝ። ይህችን ብቻ ጽፌ ደብዳቤውን ባሽገው ማንም አያውቅብኝም ነበር። እጄ ግን እምቢ አለኝ። እንዲያው ከየት እንደምጀምርልህም አላውቅ።

ሬዲዮውን በነሐሴ ስትልክልን አባባ ማንበብ ስለተሳናቸው ለረመዳን ቁርኣን እንዲያዳምጡበት ብለህ ነበር። የዓመቱን ከዚያው ከፍለህ ጨርሰሃል። ለእኔ የተረፈኝ ፒያሳ የሬዲዮው ወኪል ቢሮ ሄጄ የጣቢያዎቹን ምድብ መምረጥ ብቻ ነበር። ይህ ሬዲዮ እንደ ተራው አይደለም፤ ከሰማይ ከሳተላይት ነው የሚቀበለው፣ የሚከፈትልህም የተመዘገብክበት ምድብ ብቻ ነው፤ ሌላው ይቆለፋል። የቢሮዋ ልጅ ሄለን ቅጹን ሰጥታኝ ላስረዳሽ ወይ አለችኝ። ቅጹ በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ምን ብላት ጥሩ ነው? የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ አልኳት! ከኋላዬ የቆሙ ሰዎች ስለነበሩ ድምፄንም ከፍ አድርጌ ነው ያልኳት።

ከምድቦቹ አንዱ «ክላሲክ» ይላል። እዚህ ነጋዴው ጫማውንም ሱሪውንም ክላሲክ ነው ሲል ምርጡ ማለቱ አይደል? እኔም ሁሉን ያካተተው፣ ዋናው መስሎኝ ምልክት አደረግኩበት። ቁርኣኑ ያለበት ምድብ ከሥሩ ነበር፤ ዝቅ ብዬ እንኳ አላየሁትም።

ለካ ክላሲክ የፈረንጅ ቫዮሊን ነው። የመጀመሪያው ቀን አባባ ውዱእ አድርገው፣ ነጭ ኮፍያቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ከፈትኩት። ቫዮሊኑን ትንሽ አዳመጡና፣ ምነው ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ማን ሞቶባቸው ነው አሉኝ። ሰልማ በሳቅ ፈረሰች፤ እኔ ግን ጣቢያ መቀያየር ያዝኩ። ወደ ቁርኣኑ ጣቢያ ስሄድ የሬዲዮው መስታወት ላይ ተቆልፏል የሚል ጽሑፍ ይመጣል። እሳቸው አያዩት። ያኔ ተሳስቻለሁ ብል ምን ነበረበት? ጎንደርን ተራራ ስለከበባት ቁርኣኑን አይዝም አልኳቸው። ከአፌ ከወጣች በኋላ መመለሻ አጣሁላት።

አባባ መላ አያጡ! ቁርኣን ከመካ አይደል የሚመጣው፣ ወደ ቂብላ አዙሪው አሉ። አንቴናው ወደ ምዕራብ ካላየ ሳተላይቱን እንደማያገኝ አውቃለሁ። እያወቅሁ አዞርኩት። ቫዮሊኑም ጠፋ፣ ጭጭ አለ። ረመዳንን ሙሉ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ዝም ያለ ሬዲዮ ፊት ይቀመጡ ነበር። እማማ አጥፉት ስትል፣ ተዪው ሐዲጃ፣ በድንገት ይገባ ይሆናል ይሏታል። እኔ ይህን እየሰማሁ የማፍጠሪያውን ሾርባ አቀርብ ነበር።

ከዒድ በኋላ ጎረቤታችን ኡዘይር ሱቁ ውስጥ እንደዚያው ያለ ሬዲዮ አስገባ። ቁርኣኑ እስከ መንገዱ ይሰማል። የተራራው ነገር እዚያ ላይ አለቀ። አባባ ግን እኔን አልጠረጠሩም። ለኡዘይር የገባው ለእኔ አላህ የከለከለኝ በወንጀሌ ነው አሉ። ሰኞና ሐሙስ ይጾሙ ጀመር። በትራቸውን ይዘው በየቤቱ የበደልኳችሁን አፉ በሉኝ እያሉ ዞሩ። የጥንት የንግድ ባልንጀራቸውን አያ አንዳርጋቸውን አሥራ አንድ ዓመት አኩርፈዋቸው እንደነበር ታውቃለህ፤ ፀዳ ድረስ ሄደው እግራቸው ላይ ወደቁ። ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ አለችኝ፣ ይዛቸው የሄደችው ሰልማ።

ያለፈው ጁምዓ የእኔ ተራ ደረሰ። ስምንተኛ ክፍል ስጨርስ ለዚያ ለአምባ ጊዮርጊሱ ነጋዴ ሊድሩኝ ሲሉ አንተ ነህ ከትምህርቷ አትወጣም ብለህ የቆምክልኝ። እሱን አንስተው፣ በድዬሻለሁ ልጄ፣ አፉ በይኝ አሉኝ። እኔስ ምን አልኩ? አፉ ብያለሁ አልኳቸው! እንደ ተበደለ ሰው! እጄን ይዘው ሳሙት። አያ ከሪም፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቢሮው ሁለቴ ተመላልሻለሁ። ምድቡ የሚቀየረው የከፈለው ሰው ራሱ ደውሎ ሲጠይቅ ነው አለችኝ ሄለን። አንተ በስልክ ሬዲዮው እንዴት ነው ስትለኝ ደግሞ ሸጋ ነው አልኩህ። ከኪስህ ከፍለህ ኮሌጅ ላስተማርከኝ ሰው፣ አንዲት ቃል ተሳሳትኩ ማለት አቃተኝ። አፈርኩህ። አሁንም እያፈርኩ ነው የምጽፍልህ።

አባባ ደብዳቤ ሳይነበብላቸው እንደማይታሸግ ታውቃለህ። እስከ ዛሬ የሚያስከፋቸው ነገር ሲኖር እየዘለልኩ ነበር የማነብላቸው። ፊት ለፊት ልነግራቸው ስንት ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ይህን ግን አንዲት መስመር ሳልዘል አነበዋለሁ፤ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

እማማ በርታ፣ ጤናህን ጠብቅ ብላ ትስምሃለች። ሰልማ ፈተናውን ካለፍኩ ቃል የገባህልኝን ቦርሳ አትርሳ ትልሃለች። ኡዘይርም ሰላም ብሎሃል። አባባ በዱዓቸው አልረሱህም።

እህትህ ሒክማ ሸሪፍ
ጎንደር፣ አዲስ ዓለም፤ ኅዳር 10 ቀን 1999 ዓ.ም.

ካነበብኩላቸው በኋላ የጨመርኩት፦ አባባ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከዚያ፣ ታዲያ የከለከለኝ ወረቀት ነው አሉ። አዎ አልኳቸው። አላህ አይደለም አሉ። አይደለም አልኳቸው። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ስበው አለቀሱ፤ ቢቆጡኝ በስንት ጣዕሙ። አፉ ይበሉኝ ብዬ እግራቸው ላይ ስወድቅ፣ እኔ የለመንኩሽ የእውነት ነበርና አፉ ያልሽኝን እንዳትመልሺብኝ፤ አንቺን ግን መጀመሪያ ወንድምሽ አፉ ይበልሽ አሉኝ። አንቴናውን በገዛ እጄ ወደ ምዕራብ መልሼዋለሁ። አያ ከሪም፣ ለቢሮው ከመደወልህ በፊት አፉ በለኝ።