የባለቤቴን ድምፅ በአደራ ለተረከቡት ዋና ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የጉሮሮና የድምፅ ሕክምና ማዕከል ዋና ሥራ አስኪያጅ፦

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለመላ አካላትዎ፣ በተለይም ለጉሮሮዎ ጤና እመኛለሁ። እንደ እርስዎ ስብሰባ የሚበዛበት ሰው ድምፁ ለአንዲት ጠዋት እንኳ ቢዘጋ ምን ያህል ሥራ እንደሚበደል ስለምረዳ፣ እንዲህ ያለው ነገር በደጅዎ እንዳያልፍ ከልቤ እለምናለሁ። ሶፋ ሠሪ ነኝ፤ ደብዳቤ መጻፍ ልማዴ አይደለም። በአደባባይ የምጽፍልዎትም ቢሮዎ በር ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሆኑብኝ እንጂ ክብርዎን ለመንካት አስቤ አይደለም። በነገራችን ላይ፣ እንግዳ የሚቀመጥበት ሶፋዎ ስፖንጁ ሞቷል።

ባለቤቴን ላያስታውሷት ይችላሉ። መኪና መንዳት የምታስተምር ሴት ናት። ተማሪዎቿ በፊቷ “ቲቸር”፣ ከኋላዋ “ጡሩምባ” ይሏታል፤ መስኮቱ ተዘግቶ “ፍሬን! ፍሬኑን ያዝ አልኩህ እኮ!” ስትል ተማሪው ብቻ ሳይሆን መንገደኛውም ቀጥ ይላልና ነው። ያው ድምፅ ግን ሌላ ከተማ ለምትኖረው ልጃችን ስትደውል ሌላ ይሆናል። “ድንቢጤ” ብላ ስትጠራት፣ ክቡርነትዎ፣ ከጎኗ ተቀምጬ ጨርቅ የምቆርጠው ሰውዬ መቀሴን አቆማለሁ። አሁን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ስለ ተስፋው አመሰግናለሁ። ሐኪሞቹ ድምፅ የሚወጣበት ማንቁርቷ ካልወጣ ሕመሙ ይዟት እንደሚሄድ በነገሩን ሰሞን፣ የማዕከልዎ የድምፅ ባለሙያ አስቀምጣ አጽናናችን። ባለቤቴ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በተዘጋች ክፍል ውስጥ ዓረፍተ ነገሮች ታነባለች፣ ኮምፒውተሩም ድምፅዋን ያጠናል፤ ቁስሉ ሲድን በትንሽ መሣሪያ ላይ የምትጽፈውን ሁሉ በገዛ ድምፅዋ ይናገርላታል። ባለቤቴ ለዚህ ስትል ከሥራ ገበታዋ እየቀረች ተመላለሰች። ጉሮሮዋ እያመማት “ዛሬ ሰማዩ ጠርቷል” እና “ወንበሩ ከጠረጴዛው ጎን ነው” የሚሉ ነገሮችን አነበበች፤ ቤት ስትመጣም “ስለ ወንበር ሳወራ ዋልኩልህ፣ ደስ ይበልህ!” እያለች ትቀልድብኛለች። በመጨረሻው ቀን ባለሙያዋ “አሁን ደግሞ ከልብሽ የሚመጣውን ተናገሪ” አለቻት። በመስታወቱ በኩል አየኋት፤ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብላ “ድንቢጤ፣ በልተሻል?” አለች። ከዚያ ወዲያ መናገር አልቻለችም፤ ያን ጊዜ ሕመሙ አልነበረም የከለከላት።

የዚያኑ ቀን ቅጂውን በፍላሽ እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። መዝገብ ቤቱም “ለመረጃ ደኅንነት ሲባል የታካሚ ፋይል ከግቢ አይወጣም፤ እኛ ጋ ካለው በላይ የትም አይጠበቅም” ብሎ አሰናበተኝ። ስለዚህ ጥንቃቄዎም በተለይ አመሰግናለሁ።

፪. ስለ ቁጠባው አመሰግናለሁ። በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ፎቶግራፍዎ ካለበት ማስታወቂያ ሥር “በቨርቹዋላይዜሽን ወደ ዘመናዊ አሠራር ተሸጋገርን” የሚል አንብቤያለሁ። ነገሩ ስላልገባኝ የማዕከሉን የኮምፒውተር ባለሙያ ጠየቅሁት። አንድ ጠንካራ ማሽን ይገዛል፣ በውስጡም በሶፍትዌር ብዙ ማሽኖች ይፈጠራሉ፣ እያንዳንዱ ብቻውን ያለ መስሎት ይሠራል፤ መብራትም ቦታም ይቆጠባል። በአግባቡ ከተያዘ መልካም ነገር ነው አለኝ፤ አምኜዋለሁ። በአግባቡ አለመያዙን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የሁሉም ፋይል መጠባበቂያ ቅጂ የተቀመጠው እዚያው ማሽን ውስጥ ነበር። ባለሙያው ቅጂው ውጭ እንዲቀመጥ ቢጠይቅ፣ ክቡርነትዎ በስብሰባ ላይ “እኔ ማሽን እቀንሳለሁ፣ አንተ ትጨምራለህ?” ብለውት ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሳቅ ለጤና ጥሩ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ የበለጠ።

፫. ስለ ትሕትናዎ አመሰግናለሁ። ከኢንተርኔት የሚመጣውን አደጋ የሚከላከለው ፕሮግራም ማስጠንቀቂያ እያበዛ ስላሰለችዎት በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ እንዲጠፋ አዘዙ። ብዙም ሳይቆይ “የዓመቱ ምርጥ ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተመርጠዋል፤ ሽልማትዎን ለማየት አባሪውን ይክፈቱ” የሚል ኢሜይል ደረሰዎት። በዚህ አልፈርድብዎትም። ምርጥ ነህ ሲሉት የማይከፍት ማን አለ? እርስዎ በከፈቱት በር የገቡት ሌቦች ግን ያንን አንድ ማሽን ከነቅጂው ቆልፈው፣ ካልተከፈላቸው እንደማይለቁ ጻፉ። ኋላም የሚከፍቱበትን ቁልፍ ራሳቸው እንኳ ይዘው እንዳልቆዩ ታወቀ። ባለቤቴ ያን ጊዜ ፎቅ ላይ ባለው ክፍል፣ አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝታ ነበር። ማንቁርቷ ከወጣ ገና ቁስሉ አልደረቀም።

በመዝገብ ቤቱ መስኮት የተቀመጠችው ልጅ “ሲስተም የለም፣ አባቴ” አለችኝ። “ልጄ፣ ሲስተሙን አይደለም፣ የባለቤቴን ድምፅ ነው የፈለግሁት” አልኳት። “እሱም ሲስተሙ ውስጥ ነው” አለችኝና አንገቷን ደፋች። የድምፅ ባለሙያዋ ከውስጥ ወጥታ እጄን ያዘችኝ፤ ምንም ሳትነግረኝ ማልቀስ ስለጀመረች ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም። የኮምፒውተር ባለሙያውን ደግሞ “በቸልተኝነት” ብለው አባረሩት። ይህን ሁሉ የነገረኝ እሱ ነው፤ እቤቴ ድረስ መጥቶ ባለቤቴን ይቅርታ የጠየቀ ብቸኛው ሰውም እሱ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ምስጋና በቁጥር ማስቀመጥ አቃተኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።

መሣሪያው መጣ። የሚናገረው በማናውቃት ሴት ድምፅ ነው፤ ንግግሯ የተስተካከለ፣ ተቆጥታ የማታውቅ ሴት ናት። ባለቤቴ ይዛው ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አንድ ተማሪ ወደ አጥር ሲነዳ መጻፍ ጀመረች፤ “እባክዎ ፍሬን ይያዙ” የሚለው ድምፅ የተሰማው መኪናው አጥሩን ከመታ በኋላ ነበር። ሰው አልተጎዳም፤ ተማሪውም ስቆ ነበር፣ ፊቷን እስኪያይ ድረስ።

ልጃችን ስትደውል እኔ ሱቅ ነበርኩ። ቅጂው መጥፋቱን ገና አልነገርናትም፤ መሣሪያው በእናቷ ድምፅ እንደሚናገር ነበር የምታውቀው። ባለቤቴ ስልኩን አንስታ መሣሪያውን አስጠጋችው። ያቺ ሴት “ድንቢጤ፣ በልተሻል?” ብላ ጠየቀች። ልጄ “ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው የደወልኩት” ብላ ዘጋች። ወዲያው ለእኔ ደውላ “አባዬ፣ የእማን ስልክ ሌላ ሴት አነሳችው” ስትለኝ ሱቁን ዘግቼ ወደ ቤት ሮጥኩ። ቤት ስደርስ መሣሪያው መሳቢያ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ አልወጣም።

ድምፅዋን ፍለጋ ያልዞርኩበት የለም። የሠርጋችን ቪዲዮ ላይ ሙዚቃው ሸፍኗታል። እህቷ ጋ የነበሩት የድምፅ መልእክቶች ከአሮጌው ስልክ ጋር ጠፍተዋል። በመጨረሻ አንድ የቀድሞ ተማሪዋ በትምህርት ላይ ሳለ ደብቆ የቀረፀውንና ለጓደኞቹ መሳቂያ ያደረገውን ቪዲዮ እያፈረ ላከልኝ። ከሞተሩ ጩኸት በላይ ትሰማለች፤ “አይንህ የት ነው ያለው፣ አንተ!” ትላለች። የድምፅ ባለሙያዋ ደጋግማ አዳምጣ፣ ከዚህ ሙሉ ድምፅ መሥራት እንደማይቻል ነገረችኝ።

ለባለቤቴ አሰማኋት። እስከ መጨረሻው ሰማች፣ ስልኩን መለሰችልኝ፣ ከዚያም ግቢው ውስጥ ወደቆመችው መኪናዋ ገብታ በሩን ዘጋች። በመስኮቱ አየኋት፤ በአስተማሪው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ባዶውን የሾፌር ወንበር እያየች፣ አፏን በኃይል ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ከአጥሩ ውጭ መንገደኛው ሁሉ ሳይቆም ያልፋል። ልሂድ ወይስ ልተዋት ስል ቆምኩ፤ ተውኳት። በማግስቱ “የመንጃ ትምህርት” የሚለውን ምልክት ከመኪናው ጣሪያ ላይ ራሷ ፈታ አወረደችው።

የጠፋው እንደማይመለስ ስለማውቅ ከእርስዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዛሬ በዚያች ክፍል ውስጥ ስለ ወንበርና ስለ ሰማይ እያነበበ ያለ ሌላ ሰው ካለ፣ ለቀዶ ሕክምና ከመተኛቱ በፊት የድምፁን ቅጂ ለቤተሰቡ በእጃቸው ይስጧቸው።

የሥልጣን ዘመንዎ እንዲረዝም፣ ስብሰባዎችዎ እንዲሰምሩ፣ ንግግርዎ ሁሉ ሰሚ እንዲያገኝ ከመመኘት ጋር፣ በፍጹም አክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳው፣

የአንዲት መኪና አስተማሪ ባል፣ ሶፋ ሠሪው

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ከሕዝብ ግንኙነት ክፍልዎ የግብዣ ካርድ ደረሰን። ባለቤቴ በማዕከሉ የምሥረታ በዓል ላይ “የዳነች ታካሚ” ተብላ አጭር ንግግር እንድታደርግ ተጠይቃለች። ተስማምታለች። መሣሪያውን ሳትይዝ ማይክሮፎኑ ፊት ትቆማለች፤ የሰጣችኋትንም ደቂቃ አንድም ሳታጎድል ትጨርሳለች። አደራዎን፣ እስክትጨርስ ድረስ ማንም እንዳያጨበጭብ።