የብልባላዋ ጽጌረዳ

ነሐሴ 24
ከስንት ቀን በኋላ ዛሬ ጠዋት ዝናቡ አባራ። አሪቲውን ኮተኮትኩ፤ ጤና አዳሙ ሥር የበቀለውን አረም ነቀልኩ። ከዚያ እንደ ልማዴ ወደ እናቴ ጽጌረዳ… በሙሽርነቷ ከብልባላ ስትመጣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ያመጣቻት ናት። በጽጌ ወር ከእሷ ቆርጣ ማርያም ሳትወስድ የቀረችበት ዓመት የለም። አሁን ወሳጁ እኔ ነኝ። ውሃ የጠፋ ዓመት እናቴ ለሰፈሩ ያደለችው ሁሉ ደርቆ እኔ ገላ በታጠብኩበት ውሃ አተረፍኳት። ብሰስት ይፈረድብኛል?

ከአጥሩ በኩል አንድ ቅርንጫፍ የለም። አልተገነጠለም፤ በቢላዋ ተቆርጧል። ማን? በቀደም ጎረቤቴ ወይዘሮ ይማርሽ "መምህር፣ የኔዋ እኮ ደርቃ ቀረች፤ አንድ ዘንግ ይቁረጡልኝ" ብለው "ወቅቱ አይደለም" ብያቸው ነበር። ወቅቱ ግን ነበር…

ነሐሴ 27
ጠየቅኋቸው። አጥር ለአጥር ቆመን።

"ቅርንጫፉ በእግሩ አልሄደም፣ ወይዘሮ ይማርሽ።"

የሆነ ነገር ሊሉ ነበር፤ ተዉት።

"እናትዎ እያሉ ይቺ ግቢ በር አልነበራትም" ብለው ገቡ።

እውነት ነው፤ በሩን ያሠራሁት እኔ ነኝ። ከሰዓት ቁልፍ ገዛሁለት። ሌባ አላልኳቸውም። አላልኩም?

መስከረም 2
የተቆረጠባትን ቶሎ እንድትተካ፣ ለጽጌም እንድትደርስ ብዬ የዶሮ ኩስ አስመጥቼ ሥሯ ላይ ደፋሁ። ትኩስ ነው። ሳይበሰብስ አይደፋም፤ ሥር ያቃጥላል… ይህን በጠመኔ እየጻፍኩ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ግን ጽጌ ደረሰብኝ። ውሃ ካበዛሁ ምን ትሆናለች?

መስከረም 11
የቅጠሎቿ ጠርዝ ቡናማ ሆነ።

መስከረም 23
ቆፈርኩ። ሥሯ ጠቁሯል፤ በጣት ሲነኩት ይላጣል። እናቴ ለለመናት ሁሉ እየቆረጠች ያኖረቻትን፣ እኔ ለማንም ሳልሰጥ ገደልኳት።

ጥቅምት 1
እህቴ ባንቺዓለም ከሙጃ ደወለች።

"ጋሼ፣ የእማዬ አበባ ፈነዳች?"

"ፈንድታለች።"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ፊቴ እንደጋለ ቀረ። በዚህ ዕድሜ… ለታናሽ እህት ውሸት! አምና ቅርንጫፍ ስትለምነኝ "ባንቺ እጅ አይጸድቅም" ብዬ የመለስኳት እሷን ነው።

ጥቅምት 12
ባንቺዓለም ሳትነግረኝ መጣች። አናቱ የተቆረጠ ጀሪካን ታቅፋለች። ውስጡ አፈር፣ አፈሩ ላይ ለጋ ቅጠል… ገና ከበር አወቅኳት።

"ሌባዋ እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ለፍልሰታ ስመጣ ነው የቆረጥኳት። ብጠይቅህ እንቢ ትለኛለህ። ቤት ወስጄ ለሁለት ከፍዬ ተከልኳት፤ ሁለቱም ያዙ። ይቺኛዋ ላንተ ናት። ወይዘሮ ይማርሽን በሌብነት እንደጠረጠርካቸው ከልጃቸው ስሰማ እንዴት ልቀመጥ? እሳቸው እኮ ስቆርጥ አይተውኛል።"

"አይተውሽ?"

"አይተው ሳቁ። 'ቁረጪ፣ እኔ አላየሁሽም' አሉኝ።"

ያን ቀን አፋቸው ላይ የነበረው ይሄ ነበር። ዋጡት። ስድቤንም አብረው ዋጡት…

ከዚያ ጉድጓዱን አየች።

"ፈንድታለች አላልከኝም?"

"የዶሮ ኩስ…"

"ትኩሱን? አንተ? መምህሩ?"

ሳቋ መጣ። ሳቁ ሳያልቅ አለቀሰች። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ጥቅምት 13
የወይዘሮ ይማርሽን በር አንኳኳሁ፤ ጀሪካኑን ታቅፌ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ። "ይቅር ይበሉኝ" ለማለት ጉሮሮዬን ስንቴ ጠረግኩ!

"ለምን አልነገሩኝም?"

"እህትና ወንድም ላጣላ? ይግቡ መምህር፣ ብርድ ነው።"

የእኔ አፈር ተቃጥሏል። እጄንም አላመንኩትም።

"እርስዎ ጋ ትተከል" አልኩ።

"እኔ እኮ ቁልፍ የለኝም!"

ተሸማቀቅሁ። ሳቁብኝ፤ ቆይቼ እኔም ሳቅሁ። ተከልናት። ስመለስ ቁልፉን ከበሬ ላይ ፈታሁት።

ኅዳር 5
የጽጌ መጨረሻ። አንድ እንቡጥ ብቻ ይዛ ነበር፤ ዛሬ ፈነዳ። ትንሽ ነው፤ ሽታው ግን ያው የእናቴ። መቀሴን ይዤ ደጃቸው ቆምኩ።

"ልቁረጥ?"

"የማንን አበባ?"

እስከ ጆሮዬ ጋለኝ።

"የእርስዎን።"

"ይቁረጡ እንግዲህ። ለእናትዎ ብለው ማርያም ያድርሱልን። ሌላ ቀን ግን ሳይጠይቁ ይግቡ።"

"እጠይቃለሁ" አልኳቸው።