ፒክአፗን ዝቅ ላድርጋት?

ሐሙስ ጥር 14፣ ጠዋት 2፡00 ሰ.

መኪና እጥበት ላይ ነኝ። መሪው ላይ አስደግፌ ነው የምጽፍብህ፣ ደብተሬ። አጣቢው ጣሪያዋ ጋ ለመድረስ በርሜል ላይ ወጥቷል። ናዝሬት ውስጥ በርሜል የሚያስወጣ ፒክአፕ ያለው ማነው? እኔ ነኝ። አሮጌ ናት፣ እሱን አልክድም። የበፊቱ ባለቤቷ ላንጋኖ ዳር ነበር የሚነዳት፤ ለድንጋዩ ብሎ ከስር ብረት አስገብቶ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጓታል። እኔ የገዛኋት ለዛ ከፍታ ነው። ሞተሯን እንኳ በደንብ አላየሁም።

ጥር ነው፣ ሰርግ በሰርግ። ጓደኛዬ አብዲ ካሜራማን ነው፤ ከኋላ ካሶኔው ላይ ቆሞ ይቀርጻል፣ ሚዜዎቹ እዛው ይጨፍራሉ፣ እኔ ከሙሽሮቹ ፊት ፊት እነዳለሁ። ከፍ ስለምትል ቀረጻው ከሰማይ የተነሳ ይመስላል ይላል አብዲ። ቅዳሜም ተይዣለሁ። በዚህ ከተማ እንደኔ የሚነዳ የለም። ጉራ አይደለም፣ የፈለግከውን ጠይቅ።

ቅዳሜ ጥር 16፣ ከሰዓት 11፡30

ከሰርጉ ወጥቼ ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው። ጽሑፌ ቢበላሽ አትፍረድብኝ።

አደባባዩን እየዞርን ነበር። ሦስት ዙር ነው ልማዱ፣ ክላክስ እያስጮህክ። ሁለተኛው ዙር ላይ የሙሽሮቹ መኪና በቀኜ መጣ። ከኋላ ያሉት ስምንት ሰዎች ሙሽራዋን ለማየት ግልብጥ ብለው ወደ ቀኝ ሄዱ። እኔ ደግሞ ነዳጅ ጨመርኩ። ለምን? እንዲያዩኝ ነዋ። ከዛ መቀመጫዬ ከነእኔ ተነሳ። በእኔ በኩል ያሉት ሁለቱ ጎማዎች መሬት ለቀቁ። መሪው እጄ ላይ ቀለለ፣ እንደ ባዶ ሰሃን። በመስኮቴ አስፋልት የለም። ሰማይ ነው።

ስንት ሰከንድ እንደሆነ አላውቅም። ዷ ብላ ተመለሰች። ምንም አላደረግኩም። መሪም አልመለስኩ፣ ፍሬንም አልያዝኩ። ራሷ ናት የተመለሰችው።

ሕዝቡ አጨበጨበ። እልል አሉ። አውቆ ነው ያደረገው ብለው ነው። አብዲ ጣሪያውን እየደበደበ ድገመው፣ ድገመው ይለኛል። ወርጄ ምን አልኩ? ሳቅኩ። ተለማምጄባት ነው፣ ቀላል ናት አልኩ።

ስምንት ሰው ነበር፣ ደብተሬ። ስምንት።

እሑድ ጥር 17

ቪዲዮው ወጣ። ከሙሽሮቹ ኋላ ሲቀርጽ የነበረ ሌላ ልጅ ነው የለቀቀው። በጎማውና በአስፋልቱ መሃል ብርሃን ይታያል፣ ውሻ ያሳልፋል። ስሜ አብራሪው ሆኗል። ጎሚስታው ጋ ሄድኩ፣ አብራሪው አካም ጂርታ፣ እንዴት ነህ አለኝ። ባጃጅ ተራ፣ አብራሪው። ደስ ይላል፣ አልዋሽህም። ከዛ ለብቻዬ ሆኜ ሳየው ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

ማክሰኞ ጥር 19፣ ጠዋት

ጋሽ ተማም ጋራዥ ነበርኩ። የወሎ ሰው ናቸው፣ ፒክአፕ ሲፈቱ ነው ያረጁት። በክሪክ አነሷት፣ ከስር ገቡ፣ ባትሪ አበሩ። ሸክሙን ከሚሸከመው ከባሌስትራው ጋር የገባውን ብረት አንኳኩ። ብረቱም ሥራውም ጥሩ ነው አሉ። ኮራሁ። ትንሽ ቆይተው ግን፣ ይሄ ኮረኮንች ላይ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ነው፤ ይቺን ቁመት ይዞ ከላይ ሰው እያስጨፈረ አደባባይ የሚዞር እብድ ነው አሉ። ብረቶቹ ይውጡ፣ የፋብሪካ ቁመቷ ላይ ትቀመጥ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው አሉኝ።

እኔ እኮ አውቄ ነው ያነሳኋት አልኳቸው። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። እንግዲህ ካወቅክበት እናትህን ከኋላ አቁምና አሳየን አሉኝ። ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ።

ዝቅ ካለች ምን ሊባል ነው? አብራሪው ፈራ። ናዝሬት ውስጥ ተራ ፒክአፕ መች ጠፋ። ያለ ቁመቷ እኔን ማን ያውቀኛል።

ረቡዕ ጥር 20

ሮባ የሚባል ሰውዬ ከሞጆ ድረስ መጣ። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ቅዳሜ እህቱን እዚህ ሊድር ነው። ቪዲዮውን እያየ እንደሚተኛ ነገረኝ። እህቱን ከነቬሎዋ ካሶኔው ላይ ሊያቆማት ነው። አደባባዩ ላይ በሁለት ጎማ አድርጋት አለኝ። አብዲ ዘለለ። ሙሽራ ከነቬሎዋ አየር ላይ፣ ማን ቀርጾ ያውቃል ይላል።

አይሆንም ልል ነበር። አፌ ምን አለ መሰለህ? ችግር የለውም አለ። በጆሮዬ ሰማሁት። ሮባ አቅፎኝ፣ ጀግና ነህ ብሎኝ ሄደ። እኔ እዛው ደርቄ ቀረሁ። የሰው እህት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሐሙስ ጥር 21

እማዬ አየችው። ጸሎት ቤት አንዷ በስልኳ አሳይታት፣ ልጅሽ ጎበዝ ነው ብለዋታል። ቤት ስገባ ጎማውን ትታ፣ መስኮቱ ላይ ያለው ፊት የማነው አለችኝ። የኔ ነዋ አልኳት። ይሄን ፊት አውቀዋለሁ፣ ልጅ ሆነህ ወንጂ የመስኖ ቦይ ውስጥ ገብተህ ጎትተው ያወጡህ ቀን ያየሁት ነው አለች። ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው አልኳት። ሽሮዋን ማማሰል ቀጠለች።

ቪዲዮውን ከፍቼ እዛች ቦታ ላይ አቆምኩት። አፌ ተከፍቷል። ዓይኔ ሊወጣ ነው። ያ ሁሉ ሰው አይቶት፣ እኔም ስንቴ አይቼው፣ ፊቴን ያየ የለም።

ዓርብ ጥር 22፣ ጠዋት 3፡00

ለአብዲ ነገርኩት። አውቄ አልነበረም አልኩት። አቦ ቀልድህን ተው ብሎ ሳቀ። መሪውን አልነካሁም፣ ራሷ ናት የተመለሰችው አልኩት። ሳቁ ቆመ። እኔ የት ጋ ነበር የቆምኩት አለ፣ ለራሱ ነው የሚያወራው። ቀኝ ጥግ ነበር። አንድ እጁ ካሜራ ይዟል፣ አንዱ አየር ላይ። ምንም አልያዘም ነበር።

መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ሳምንት ሙሉ ድገመው ሲለኝ የከረመው ልጅ። ውሃ ሰጠሁት፣ ሳይጠጣ መሬት አስቀመጠው። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። ወይ ይማታል። ምነው የዛኑ ቀን ብትነግረኝ ብቻ ነው ያለው። ቢመታኝ ይሻል ነበር።

ዓርብ፣ ከሰዓት 8፡00

ጋራዥ። ጋሽ ተማም ይውጣ ወይ ብለው ጠየቁኝ፣ ያውጡት አልኳቸው። ሌላ ነገር አላሉም፣ ሥር ገቡ። የኋላዎቹ ብረቶች ወጡ። አንዷን ያዝኳት፣ እንደ ጡብ እንኳ አትሆንም። በዚች ነው እንዴ እንደዛ የሆንኩት። የፊቱ ገና ስለሆነ መኪናዋ ቂጧን መሬት ያደረገች ውሻ መስላለች። አንድ ባጃጅ ነጂ ቆሞ፣ አብራሪው አረፍክ እንዴ አለኝ። አዎ አልኩት። ፊቴ ጋለ።

ስልኬ እየጮኸ ነው። ሮባ ነው። ነገ ስንት ሰዓት እንደምደርስ ሊጠይቀኝ ነው። እህቱ እንደማትወጣ፣ መኪናዋም እንደ ቪዲዮው ከፍ ብላ እንደማትገኝ አያውቅም። አፌን አላምነውም፣ ስለዚህ መጀመሪያ የምለውን እዚህ ጽፌዋለሁ፣ አይቼ እንዳነበው፦ ሮባ፣ አውቄ አይደለም ያደረግኩት፣ ሰዎቹን ልገለብጣቸው ነበር። ስልኩን ላነሳው ነው