ገምት አይበሉት

ይድረስ ለባለቤቴ እናት፣

ለመሆኑ ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? የሆስፒታሉን ደረጃ ወጥተው ልጅዎን ለመፈተን ከበቁ ደህና ነዎት ማለት ነው፤ ተመስገን ነው። እኛም ደህና ነን እንዳልል ውሸት አልወድም።

በአካል ስነግርዎ ጆሮ ዳባ ልበስ ስላሉኝ ነው የምጽፈው። መልመጃ የምታሠራው ባለሙያ እርስዎም ባሉበት አስጠንቅቃን ነበር። ሸሚዝ መልበስ ስታለማምደው የትኛው እጅህ ይቅደም ብላ አትጠይቀውም፤ ክንዱን ይዛ ቀኝህን አስገባ ትለዋለች፣ እሱም ቀኜን ይላል። ከመኪና አደጋው ወዲህ ጭንቅላቱ የሚይዘው ራሱ መጀመሪያ ያለውን እንጂ ኋላ የታረመውን አይደለም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእሱ ግን ከአፉ የወጣው ተመልሶ እዚያው ጭንቅላቱ ውስጥ ይተከላል። ስለዚህ አታስገምቱት፣ ቀድማችሁ ንገሩት አለች። እርስዎ ምን አሉ? የወለድኩትን ልጅ እሷ ልታስተምረኝ ነው እንዴ አሉ።

ከዚያ አልጋው አጠገብ ቆመው፣ እኔን በጣትዎ እያሳዩ፣ ይቺ ማን ናት፣ እስቲ ገምት አሉት። ነጭ ሹራብ ለብሼ ስለነበር ሲስተር ናት አለ። ሳቁ! ላርመው ስል በክርንዎ ገፋ አደረጉኝ። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ደግሞ እርስዎ ገምት፣ እሱ ሲስተር፣ ክፍሉ በሳቅ። አሁን ሸሚዙን ብቻውን ይለብሳል፣ እኔን ግን ሲስተር ነው የሚለኝ። ሚስትህ ነኝ ስለው እንደ እብድ ያየኛል። አንጀቴ አሯል፣ እማማ።

ባለሙያዋ ገና ተስፋ አለው ትላለች፤ ማንም ሳይጠይቀው፣ የሚያምነው ሰው ቀድሞ ከነገረው። የሚያምነው ደግሞ የእርስዎን ድምፅ ነው። እንግዲህ ይምጡና አፉን ሳይከፍት ሚስትህ ናት ይበሉት። ደጋግመው። ከተጋባን ጀምሮ ያቺ ልጅ እንጂ ሚስቱ ብለውኝ እንደማያውቁ አልጠፋኝም፤ ቃሉ ጉሮሮዎ ላይ ቢሰነቀርም ያውጡት። አልልም ካሉ ግን ደጃፉን እንዳይረግጡ፤ እኔው ራሴ በሩ ላይ እቆማለሁ።

ትናንት ከሰዓት ትራሱን ሳስተካክልለት እጄን ያዘና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሲስተር፣ ባለቤቴ ስትመጣ ተኝቼ ከሆነ ቀስቅሺኝ፣ ተኝቷል ብለሽ እንዳትመልሻት አለኝ። እሺ አልኩት።

ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ልብዎንም ያራራልኝ።

የልጅዎ ሚስት