ሃጂ ሙስዐብ የመረጡት

ኻርቱም፣ ማዮ
ሚያዝያ 2016 ዓ.ም.

ለምሳሳልህ አባቴ ለዳውድ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ የእማዬንም ጉልበት ያበርታው። ስልክ እዚህ ከሞተ ቆየ። ዝምታዬን እንደ ሞት ቆጥራችሁ እንዳታለቅሱ ብዬ ነው የምጽፈው። ወልደሥላሴ የሚባል፣ ጋራዥ ይሠራ የነበረ የጎንደር ሰው በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ ሊወጣ ነው። አደርስልሻለሁ ብሎኛል።

አሁን ያለሁት ማዮ፣ ይመኙሻል የምትባል ያገራችን ሴት ቤት ነው። ከአል-ጣኢፍ ሰፈር፣ ተቀጥሬ ከምሠራበት ከሃጂ ሙስዐብ ቤት፣ ወጥቻለሁ። እንዴት እንደወጣሁ መስማት አለብህ፤ ሃጂን በዱዓህ እንዳትረሳቸው።

ጠመንጃ የሚሰበስቡት ሽማግሌ ብዬ የነገርኩህ እሳቸው ናቸው። አንድ ክፍል ሙሉ ነበራቸው፣ ሁሉም በፈቃድ የተያዘ። ግድግዳው ላይ ይሰቅሉታል፣ እኔ አቧራውን እጠርጋለሁ፣ ዘይቱን ግን ራሳቸው ካልቀቡት እጅ አያስነኩም። ጁምዓ ከሶላት መልስ ሁለት ጓደኞቻቸው ይመጣሉ፤ አንዱ ጡረታ የወጣ ሐኪም፣ ሌላው የጥጥ ነጋዴ። ጠመንጃዎቹን ምንጣፍ ላይ አውርደው፣ ከርከዴ እየጠጡ እንደ ልጅ ይከራከራሉ። “በዕድሜህ ከያዝከው ሁሉ አንዱን ብቻ አስቀር ብትባል የቱን ታስቀራለህ?”

ሐኪሙ ሰደፉ በብር የተለበጠ የአደን ጠመንጃውን ይላል። ነጋዴው ሽጉጡን ያሞግሳል። ሃጂ ግን ሁልጊዜ አቡ ዐሸራ የሚሏትን፣ ዐሥር ጥይት የምትጎርሰውን አሮጌ የእንግሊዝ ጠመንጃ ነበር የሚያነሱት። ሰደፏ ተሰንጥቆ በመዳብ ሽቦ ታስሯል። ሁለቱ ሲስቁባቸው፣ “አባቴ በእጁ ነው የሰጠኝ” ይላሉ።

አንድ ጁምዓ ወደ እኔ ዞሩና፣ “አንቺስ ቢንቲ፣ አባትሽ ጠመንጃ አለው?” አሉኝ፤ ቢንቲ የሚሉኝ ልጄ ለማለት ነው።

“ነበረው” አልኩ። “ምንሽር። ሠርግ ላይ ሲተኩሳት ተራራው ይመልስለት ነበር።”

“የት ደረሰች?”

“እኔን ወደዚህ ሊልክ ሸጣት።”

ሐኪሙ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ክርክሩ የዚያን ቀን እዚያው ላይ ቆመ።

ጦርነቱ ሲጀመር የሃጂ ልጆች ወደ ካይሮ ወጡ። “ያላ፣ እንሂድ” ብለው ለመኗቸው፣ እሳቸው ግን ጠመንጃዬን ጥዬ አልሄድም አሉ። ለእኔ መኪናው ውስጥ ቦታ አልነበረም። “አባታችንን አደራ” አሉኝና ሄዱ።

ከዚያ ታጣቂዎች በሩን ሰብረው ገቡ። አለቃቸው ወጣት ነው፤ ጠመንጃ ያውቃል። ክፍሉን ሲያይ ዓይኑ በራ፤ አንድ በአንድ እያነሳ በየስማቸው ጠራቸው። አልመቱንም። ሁሉንም ካስጫነ በኋላ፣ “ያ ሃጅ፣ ለሽበትህ ስል አንዱን ልተውልህ። የምትወደውን ምረጥ” አላቸው።

ሃጂ አቡ ዐሸራን አውርደው ደረታቸው ላይ አስጠጓት። ወዲያው አንዱ ታጣቂ ክንዴን ያዘኝ። “ይቺ ሐበሻ ታበስልልናለች፣ ያላ!” እያለ ወደ መኪናው ጎተተኝ። ጮኽኩ። ያንተን ስም ነበር የጠራሁት፣ አባዬ።

“ቁሙ!” አሉ ሃጂ። ወደ አለቃው ዞሩ። “ምረጥ ብለኸኛል።”

“መርጠሃላ!”

ጠመንጃዋን በሁለት እጃቸው ዘረጉለት። “ይቺንም ውሰድ። ልጄን ተዉልኝ።”

“ይቺ ልጅህ ናት?” ብሎ ሳቀ።

“ልጄ ናት።”

ጠመንጃዋን ተቀብሎ ሽቦውን በጣቱ ዳበሰና፣ “ልቀቃት” አለው።

ከዚያ ወዲህ ሃጂ ባዶው ግድግዳ ፊት እየተቀመጡ ይውሉ ጀመር። “ይቆጭዎታል?” ብዬ ጠየቅኳቸው። “ይቆጨኛል ቢንቲ፣ አልዋሽሽም። የአባቴ እጅ ነበረባት” አሉኝ። ከዚያ፣ “የሚበላ ነገር አለ?” አሉ። የተረፈንን ቂጣ አብረን በላን።

በኋላ ሌሎች ታጣቂዎች መጡ። የዚያን ክፍል ወሬ ሰምተው ጠመንጃ ፍለጋ ነው የመጡት። ሃጂ “ተወስዷል” ቢሉ ማን ይመናቸው? ግድግዳው ላይ የቀረውን የሚስማር ቀዳዳ እየጠቆሙ፣ “የት ቀበርከው?” ይሏቸዋል። ግቢውን ቆፈሩት፣ አጡ። ሲያጡ በሰደፍ መቷቸው። ያቺ አሮጌ ብትኖር እሷን ሰጥተው ይተርፉ ነበር እያልኩ አስባለሁ፤ ሐሳቡ አይለቀኝም። ከዐስር ሶላት በፊት አረፉ። ኢና ሊላሂ።

ከዚያ በኋላ በእኔ ላይ የሆነውን ሴት ልጅ ለአባቷ አትጽፍም።

በነጋታው ጎረቤቶች መጥተው፣ ታጣቂዎቹ ጠመንጃ ሲፈልጉ በቆፈሩት ጉድጓድ ሃጂን ቀበሯቸው። እኔ በእግሬ ማዮ ገባሁ።

አባዬ፣ ወልደሥላሴ “ላንቺም ቦታ አለ፣ ተነሺ አብረን እንውጣ” ብሎ ለምኖኝ ነበር። እንቢ አልኩት። ለምን እንደሆነ እሱን አትጠይቀው፣ አያውቅም። የምታውቀው ይመኙሻል ብቻ ናት። ሰሞኑን ሆዴ ላይ የጠበበኝን ቀሚስ ጎንና ጎኑን ፈትታ አሰፋችልኝ። እጮኛዬን ተውፊቅን፣ ሌላ ሴት አግባ በለው። ደግ ልጅ ነው፣ ዕድሜውን እኔን በመጠበቅ አይፍጅ። እማዬ ከጠየቀችህ ሥራ በዝቶባት ነው በላት።

አላህ ዝናቡን በወቅቱ ያውርድላችሁ፤ ቀዬአችሁን የጥይት ድምፅ አያሰማው። ለእኔ ዱዓ ስታደርግ ግን “መልሳት” አትበል፣ አባዬ። “ያ አላህ፣ ሸሽጋት” በል።

ልጅህ
ሉጥፊያ ዳውድ